ሉዊ ብሬል

ሉዊ ብሬል (በፈረንሳይኛ አነጋገር ሉዊ ብራይ፤ ጃንዋሪ 4 ቀን 1809 – ጃንዋሪ 6 ቀን 1852 እ.ኤ.አ.) ፈረንሳዊ መምህርና የኦርጋን ተጫዋች ሲሆን፣ ዓይነ ስውራን በጣታቸው የሚያነቡትንና በስሙ «ብሬል» የተባለውን ጽሕፈት የፈጠረ ሰው ነው። በዚህ ገጽ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የልጅነት ዘመን

ብሬል የተወለደው ከፓሪስ በስተ ምሥራቅ በምትገኘው ኩቭሬ በተባለች መንደር ነው። አባቱ ሲሞን ረኔ ከቆዳ ኮርቻና የፈረስ ዕቃ እየሠራ ቤተሰቡን ያስተዳድር ነበር። ሉዊ በ3 ዓመቱ በአባቱ የሥራ ቤት ሲጫወት ቆዳ መብሻው ወስፌ አንድ ዓይኑን ወጋው። ቁስሉ አመርቅዞ ወደ ሌላው ዓይኑ ስለ ተዛመተ፣ 5 ዓመት ሲሆነው የሁለቱም ዓይኖቹ ብርሃን ጠፋ። ወላጆቹ ግን ከቤት አላስቀሩትም፤ በመንደሩ ትምህርት ቤት ከሌሎች ልጆች ጋር እየሰማ ተማረ።

በፓሪስ

በ1819 ዓ.ም. በ10 ዓመቱ፣ ቫለንቲን አዩዊ በፓሪስ ወደ መሠረተው የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ገባ። የትምህርት ቤቱ መጻሕፍት የተለመዱት የላቲን ፊደላት በወረቀት ላይ ጎልተው የታተሙባቸው ነበሩ። መጻሕፍቱ ትልልቅና ከባድ፣ ብዛታቸውም ጥቂት ነበር። ተማሪው እያንዳንዱን ፊደል በጣቱ ዙሪያውን እየዳሰሰ ስለሚለይ ንባቡ እጅግ ይዘገያል። ከሁሉ የከፋው ግን ተማሪው በዚህ መንገድ ማንበብ እንጂ የራሱን ሐሳብ በቀላሉ መጻፍ አለመቻሉ ነበር።

በ1821 ዓ.ም. ሻርል ባርብዬ የተባለ የቀድሞ የመድፈኛ መኮንን ጎላ ባሉ ነጥቦች የሚጻፍ ዘዴ ለትምህርት ቤቱ አቀረበ። የባርብዬ ምልክት እስከ 12 ነጥብ ስላለው በአንድ የጣት ጫፍ አይሸፈንም፤ ድምፅን እንጂ የቃሉን አጻጻፍ አያሳይም፤ ቁጥርና ሥርዓተ ነጥብም አልነበረውም። ብሬል ሐሳቡን ወስዶ ነጥቦቹን ወደ 6 ዝቅ አደረጋቸው። ዋናውን ሥራ በ1824 ዓ.ም. ሲጨርስ ገና የ15 ዓመት ልጅ ነበር። ዘዴውን በ1829 ዓ.ም. በመጽሐፍ አሳተመ፤ በ1837 ዓ.ም. ደግሞ አሻሽሎ አወጣው። ለሙዚቃ ኖታም የሚሆን አጻጻፍ አዘጋጀ።

አሠራሩ

ስድስቱ ነጥቦች በሁለት ዓምድ ይደረደራሉ፤ በግራ 1፣ 2፣ 3፣ በቀኝ 4፣ 5፣ 6። እያንዳንዱ ነጥብ ይኖራል ወይም አይኖርም፤ ስለዚህ ባዶውን ሳይጨምር 63 የተለያዩ ምልክቶች ይገኛሉ። የመጀመሪያዎቹ 10 ፊደላት የላይኞቹን 4 ነጥቦች ብቻ ይጠቀማሉ። ለሚቀጥሉት 10 ፊደላት በእነዚያው ላይ ነጥብ 3 ይጨመራል። የመጀመሪያዎቹ 10 ፊደላት የቁጥር ምልክት ሲቀድማቸው አኃዝ ይሆናሉ። ስለዚህ ተማሪው አሥሩን በደንብ ካወቀ የቀረው ይቀለዋል።

በእጅ ሲጻፍ ወረቀቱ ቀዳዳ ባለው ሰሌዳ ውስጥ ገብቶ ወስፌ በሚመስል መውጊያ ይወጋል። ነጥቡ የሚጎላው በወረቀቱ ጀርባ ስለሆነ ጸሐፊው ከቀኝ ወደ ግራ ይጽፋል፤ ወረቀቱ ሲገለበጥ ከግራ ወደ ቀኝ ይነበባል።

ተቃውሞና ተቀባይነት

ብሬል በ1833 ዓ.ም. በዚያው ትምህርት ቤት መምህር ሆነ፤ በፓሪስ አብያተ ክርስቲያናትም ኦርጋን ይጫወት ነበር። ተማሪዎች ዘዴውን ቢወዱትም፣ ዓይናማ መምህራን ሊያነቡት የማይችሉት ጽሕፈት ዓይነ ስውራንን ከሌላው ሕዝብ ይለያል የሚል ተቃውሞ ተነሣ። ከ1840 ዓ.ም. በኋላ አዲሱ ዳይሬክተር ዘዴውን ቢከለክልም ተማሪዎቹ በድብቅ ይጠቀሙበት ነበር። በ1844 ዓ.ም. የትምህርት ቤቱ አዲስ ሕንፃ ሲመረቅ ዘዴው በሕዝብ ፊት ታየ።

ብሬል «ራፊግራፊ» የተባለ ሌላ አጻጻፍም አወጣ። በዚህ ዘዴ ዓይነ ስውሩ የላቲን ፊደላትን ቅርፅ በነጥብ ስለሚጽፍ፣ የላከውን ደብዳቤ ዓይናማ ቤተሰቡ ያለ አስተርጓሚ ማንበብ ይችላል።

ሞትና መታሰቢያ

ብሬል ለብዙ ዓመታት በሳንባ ነቀርሳ ሲሠቃይ ቆይቶ፣ 43 ዓመት በሞላው በሁለተኛው ቀን አረፈ። ትምህርት ቤቱ ዘዴውን በይፋ የተቀበለው ከሞቱ 2 ዓመት በኋላ፣ በ1854 ዓ.ም. ነው። በ1952 ዓ.ም. አፅሙ በፓሪስ ወደሚገኘው ፓንቴዎን ሲዛወር እጆቹ በትውልድ መንደሩ ቀሩ። ከ2019 ዓ.ም. ጀምሮ የልደቱ ቀን ጃንዋሪ 4 በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የዓለም የብሬል ቀን ሆኖ ይከበራል።

ብሬል በአማርኛና በኮምፒውተር

የግዕዝ ፊደል 33ቱ መደቦች በ7 ሲባዙ 231 ስለሚሆኑ 63 ምልክት ለእያንዳንዱ አይበቃም። ስለዚህ በአማርኛ ብሬል ተነባቢውና አናባቢው ተለያይተው ይጻፋሉ፤ በኅትመት አንድ ፊደል የሆነው «ሉ» በብሬል ሁለት ምልክት ነው።

በኮምፒውተር የዩኒኮድ ሠንጠረዥ ለብሬል ባለ 8 ነጥብ 256 ቦታዎች ተመድበዋል። ነጥቦቹን ከፍና ዝቅ የሚያደርግ መሣሪያ በማያ ገጹ ላይ ያለውን ጽሑፍ በጣት እንዲነበብ ያደርጋል። ድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም ጽሑፉን ቢያሰማም የቃሉን አጻጻፍ በቀጥታ አያሳይም፤ ፊደል ለሚቆጥር ልጅ፣ ሒሳብ ለሚሠራና ኖታ ለሚያጠና ተማሪ ብሬል ዛሬም የሚያስፈልገው በዚህ ምክንያት ነው።