አክሊሉ ለማ

ዶክተር አክሊሉ ለማ (1935 – 1997) ኢትዮጵያዊ የጥገኛ ተውሳክ ተመራማሪ ነበሩ። በዓለም የታወቁት የኢትዮጵያ እናቶች ለዘመናት ልብስ ሲያጥቡበት የኖሩት እንዶድ የቢልሃርዚያን በሽታ የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች እንደሚገድል በማሳየታቸው ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ትምህርትና ግኝት

አክሊሉ በምሥራቅ ኢትዮጵያ ተወለዱ። ከፍተኛ ትምህርታቸውን በአሜሪካ ተከታትለው በ1964 ከጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪ አገኙ። በዚያው ዓመት ቢልሃርዚያን ለማጥናት ወደ አድዋ ሄዱ። እዚያም ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ባለው ወንዝ ውስጥ ከሌላው ስፍራ ይልቅ ብዙ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አዩ። ከአጠባው ቦታ በላይ ካለው ውኃ በሕይወት ያሉ ቀንድ አውጣዎችን አስለቅመው የእንዶድ አረፋ በገባበት ውኃ ውስጥ ቢከቷቸው ጥቂት ቆይተው ሞቱ።

ይህ ትልቅ ትርጉም ነበረው። የቢልሃርዚያ ትል እጭ በቀንድ አውጣ ውስጥ ሳያድግ ሰውን ሊይዝ አይችልም። ከቀንድ አውጣው የወጣው እጭ በውኃ ውስጥ የሚዋኝን፣ የሚሻገርን ወይም ልብስ የሚያጥብን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። ቀንድ አውጣው ከጠፋ ሰንሰለቱ ይበጠሳል።

እንዶድ እንዴት ያጸዳል?

እንዶድ በሳይንሳዊ ስሙ ፊቶላካ ዶዴካንድራ ይባላል። የደጋና የወይና ደጋ ቁጥቋጦ ሲሆን በደብረ ማርቆስ አካባቢና በሌላውም የጎጃም ደጋ በአጥር ዳርና በቤት አጠገብ ይበቅላል። ፍሬው ተለቅሞ ይደርቅና በሙቀጫ ይወቀጣል፤ ዱቄቱ በውኃ ሲበጠበጥ አረፋ ይሰጣል። ሳሙና እንደ ልብ በማይገኝበት ዘመን ጋቢና ነጠላ የሚነጣው በዚህ ነበር።

በነጠላ ላይ የተጣበቀ የቅቤ ቅባት በውኃ ብቻ ቢታሽ አይለቅም፤ ውኃና ቅባት አይዋሐዱምና። በእንዶድ ፍሬ ውስጥ ያለው ሳፖኒን የተባለ ንጥረ ነገር ግን አንደኛው ጫፉ ቅባትን፣ ሌላኛው ውኃን ይይዛል። ስለዚህ ቅባቱን ከክሩ ላይ አላቆ በውኃው ይዞት ይሄዳል። ይኸው ንጥረ ነገር በቀንድ አውጣው አካል ላይ ሲያርፍ የሕዋሳቱን ሽፋን ያፈርሳል። በኋላ ከፍሬው ተለይቶ የወጣው ዋና መርዝ በእሳቸው ስም ለማቶክሲን ተብሏል። እንዶድ ዓሣንም ይገድላል፣ ዓይንን ያቃጥላል፤ ለሚጠጣው ሰውም አደገኛ ነው።

የአድዋ ሙከራ

አክሊሉ በ1966 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ተቋምን መሠረቱ። ከ1969 ጀምሮ በአድዋ ለአምስት ዓመታት የአካባቢው እንዶድ በወንዞች ላይ ተረጨ። በከተማው ሕዝብ ላይ የበሽታው ስርጭት ከ63 በመቶ ወደ 33 በመቶ ወረደ። ከ1 እስከ 6 ዓመት ባሉ ሕፃናት ላይ ደግሞ ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ዝቅ አለ። የእርሻ ባለሙያው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ከልዩ ልዩ የአገሪቱ ክፍሎች የእንዶድ ዝርያዎችን ሰብስበው ኢ-44 የተባለውን ኃይለኛ ዝርያ መረጡ።

ተቀባይነት ለማግኘት የተደረገ ትግል

ከውጭ የሚገዛው የቀንድ አውጣ መግደያ ኬሚካል ለድሃ አገሮች ውድ ነበር፤ እንዶድ ግን ገበሬው በጓሮው ሊተክለው የሚችል ነው። ይሁን እንጂ የዓለም ጤና ድርጅትና ሌሎች ተቋማት እንዶድ በሰውና በአካባቢ ላይ ጉዳት እንደማያደርስ በዘመናዊ ቤተ ሙከራ እንዲረጋገጥ ጠየቁ። ምርመራው ከኢትዮጵያ አቅም በላይ ስለነበር ሥራው ለብዙ ዓመታት ተጓተተ። በመጨረሻ በካናዳ የዓለም አቀፍ ልማት ምርምር ማዕከል ድጋፍ ጥናቱ ሊካሄድ ቻለ። አክሊሉ ከዚህ ልምዳቸው ተነሥተው ዋናው እንቅፋት የእውቀት ማነስ ሳይሆን በአፍሪካ የሚሠራ ሳይንስ አመኔታ ማጣቱ መሆኑን ደጋግመው ይከራከሩ ነበር።

በአሜሪካ ሐይቆች

በ1980ዎቹ ዜብራ መስል የተባለ ትንሽ ባለ ዛጎል እንስሳ ከአውሮፓ በመርከብ ወደ ሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች ገባ። ይህ እንስሳ ሙጫ የመሰለ ነገር እያወጣ በውኃ ቱቦዎች ግድግዳ ላይ ስለሚጣበቅ ቱቦዎቹን ይደፍናል። በ1990 የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ለአክሊሉ የክብር ዶክትሬት በሰጠበት ወቅት እንዶድ በዚህ እንስሳ ላይ ተሞከረ። መጠኑ ሲበዛ እንደሚገድለው፣ ሲያንስም እንዳይጣበቅ እንደሚያደርገው ታየ። ዩኒቨርሲቲው በአጠቃቀሙ ላይ የፈጠራ መብት አገኘ፤ አክሊሉም ከፈጠራው ባለቤቶች አንዱ ሆነው ተመዘገቡ። መነሻው የኢትዮጵያ እናቶች እውቀት በመሆኑ ግን፣ ጥቅሙ ለማን ይገባል የሚል ክርክር ተነሣ።

ሽልማትና የመጨረሻ ዓመታት

በ1989 አክሊሉና ለገሠ አማራጭ ኖቤል የሚባለውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት በጋራ ተቀበሉ። አክሊሉ በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት አገልግለዋል፤ በጣሊያን ፍሎረንስ በሚገኘው የዩኒሴፍ የሕፃናት ልማት ማዕከልም ምክትል ዳይሬክተር ነበሩ። በሚያዝያ 1997 ዐረፉ።

ውርስ

የመሠረቱት ተቋም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር በአክሊሉ ለማ ስም ተሰይሟል። ፕራዚኳንቴል የተባለው መድኃኒት ከተስፋፋ ወዲህ የቢልሃርዚያ መከላከል ትኩረት ሕሙማንን ወደ ማከም አዘንብሏል። ሆኖም ታክሞ የዳነ ሰው ቀንድ አውጣ ወዳለበት የተበከለ ውኃ ከተመለሰ እንደገና ሊያዝ ስለሚችል አክሊሉ ያነሡት ጥያቄ አሁንም አልተዘጋም።