ሐኪም ወርቅነህ እሸቴና ከደም የሚወረሰው ነገር

አባቱ በድንገት ወድቆ የሞተበት ሰው እርሱም በዚያው መንገድ እንደሚሄድ አምኖ ሲቀመጥ እናያለን። ሕመሙ የዘር ነው ከተባለ መላ የለውም የሚል ሐሳብ በብዙዎቻችን ቤት አለ። የዚህን ሐሳብ ልክ ለመመዘን የአንድ የጎንደር ልጅ ታሪክ ይረዳናል።

ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ በ1857 ዓ.ም. በጎንደር ተወለዱ። ዐፄ ቴዎድሮስ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ በወደቁ ጊዜ ገና ሕፃን ነበሩ። ከወላጆቻቸው ተለይተው ስለ ተገኙ የእንግሊዝ የጦር መኮንኖች ወደ ህንድ ወስደው አሳደጓቸው፤ ስማቸውም ቻርልስ ማርቲን ተባለ። በ1874 ዓ.ም. በላሆር የሕክምና ትምህርታቸውን ፈጸሙ፤ በኋላም በስኮትላንድ ተምረው በበርማ በሐኪምነት አገለገሉ።

ከዐድዋ ድል ጥቂት ዓመታት በኋላ ወደ አገራቸው መጥተው በአዲስ አበባ ድንኳን ተክለው ሕመምተኛ ያክሙ ጀመር። አያታቸው በገላቸው ጠባሳ ያወቋቸው፣ የጥንት ስማቸውንም የነገሯቸው በዚህ ጊዜ ነው። አማርኛን እንደ አዲስ ተማሩ። በኋላም የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ኃላፊ፣ የጨርጨር ገዥ፣ በጠላት ወረራም ጊዜ በለንደን የኢትዮጵያ ሚኒስትር ሆኑ። በ1945 ዓ.ም. ዐረፉ። ሁለት ዓመት ቆይቶ በተወለዱባት በጎንደር የጤና ጥበቃ ኮሌጅ ተከፈተ።

ሐኪም ወርቅነህ ላሆር ሲማሩ ክንድ ላይ የሚታሰረው የደም ግፊት መለኪያ ገና አልተሠራም ነበር፤ የወጣው በ1889 ዓ.ም. ነው። ዛሬ ግን መለኪያው በየጤና ጣቢያው አለ፤ የዘር ነገርም በጥናት ይመረመራል። በ1960ዎቹ መጀመሪያ በታተመ ጥናት የደባርቅ ደገኞችና የዓዲ አርቃይ ቆለኞች አካል ተመሳክሯል። በ1995 ዓ.ም. የታተመው ሌላ ጥናት ደግሞ በሰሜን ተራራ፣ በ3530 ሜትር ከፍታ፣ በአምባራስ የሚኖሩ 236 ሰዎችን መረመረ። አየሩ ስስ ቢሆንም፣ የደማቸው ሄሞግሎቢንና ኦክሲጅን በባሕር ጠረፍ ከሚኖር ሰው ብዙም የማይለይ ሆኖ ተገኘ።

ስለ ደም ግፊት የተገኘው ነገር ይህ ነው። ግፊትን ብቻውን የሚወስን አንድ የዘር ቅንጣት የለም ማለት ይቻላል። ከሺህ የሚበልጡ የዘረመል ልዩነቶች ተለይተዋል፤ የአብዛኛዎቹ ኃይል ግን በመለኪያው ከ1 ሚሊ ሜትር አይደርስም። ውርስ ከሲሶ እስከ ግማሽ የሚሆነውን ድርሻ ቢይዝም፣ የቀረው የጨው፣ የመጠጥ፣ የውፍረት፣ የኑሮ ነው። ጥናቶቹም በብዛት የተደረጉት በአውሮፓውያን ዘሮች ላይ ስለ ሆነ፣ ለእኛ ደገኞች በቀጥታ መመዘኛ አይሆኑም።

ስለዚህ የዘር ሕመም ዝንባሌ እንጂ ፍርድ አይደለም። ሐኪም ወርቅነህን የወለደቻቸው ጎንደር ናት፤ ሐኪም ያደረጋቸው ግን ትምህርታቸው ነው። ወንድሞችና እኅቶች ተማሪዎች ሆይ፣ ለዕረፍት ወደ ቤታችሁ ስትሄዱ የትውልድ ቈጠራ ለሹመትና ለጋብቻ ብቻ አይሁን፤ በድንገት የወደቀ፣ ግማሽ አካሉ የዛለ ዘመድ እንዳለ ጠይቁ። ካለ የወላጆቻችሁንም የራሳችሁንም ክንድ አስለኩ። በተደጋጋሚ ተለክቶ 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ሕመሙ ባይሰማም ሐኪም ዘንድ መቅረብ ያስፈልጋል።