ዳንኤል ሲክልስ

ዳንኤል ኤድጋር ሲክልስ (1819 – 1914 እ.ኤ.አ.) አሜሪካዊ ጠበቃ፣ የምክር ቤት አባል፣ ዲፕሎማትና በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የሰሜኑ ጦር ጄኔራል ነበር። በ1863 በጌቲስበርግ ውጊያ አንድ እግሩን አጣ። በውጊያው ሁለተኛ ቀን ያለ አለቃው ፈቃድ ጦሩን ወደ ፊት በማስጠጋቱ የተነሳው ክርክር ግን ዕድሜውን ሙሉ አልተለየውም። ሲክልስ ከዚያ በኋላ ሃምሳ ዓመት ኖሯል፤ ውጊያው በሚታሰብባቸው ዓመታዊ በዓላትም ደጋግሞ ወደ ሜዳው እየተመለሰ ውሳኔው ትክክል እንደነበር ሲከራከር ኖሯል። ጌቲስበርግ ዛሬ ብሔራዊ የጦር ሜዳ ፓርክ ሆኖ የተጠበቀው እሱ ባቀረበው ሕግ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የፖለቲካ ሕይወቱና የግድያው ክስ

ሲክልስ በኒው ዮርክ ከተማ ተወለደ። ሕግ ተምሮ ጠበቃ ከሆነ በኋላ ታማኒ ሆል በሚባለው የከተማዋ የዴሞክራቲክ ፓርቲ ድርጅት ውስጥ ገባ። በለንደን በአሜሪካ ሌጋሲዮን ጸሐፊ ሆኖ ሠራ፤ በ1857 ደግሞ የኮንግረስ አባል ሆኖ ዋሽንግተን ገባ። ገንዘብ ሲያባክንና ሴት ሲያሳድድ የሚታወቅ ሰው ነበር። በ1852 ያገባት ቴሬዛ ባጂዮሊ በዕድሜ የእሱን ግማሽ ያህል ብቻ ነበረች።

በፌብሩዋሪ 1859 ሲክልስ ሚስቱ ከፊሊፕ ባርተን ኪ ጋር ግንኙነት እንዳላት ደረሰበት። ኪ የዋሽንግተን ዓቃቤ ሕግ ሲሆን፣ የአሜሪካን ብሔራዊ መዝሙር ግጥም የጻፈው የፍራንሲስ ስኮት ኪ ልጅ ነው። ሲክልስ በጠራራ ፀሐይ፣ ከፕሬዚዳንቱ ቤተ መንግሥት ፊት ለፊት ባለው ላፋዬት አደባባይ አጠገብ፣ ሰው እያየ ተኩሶ ገደለው። ከጠበቆቹ አንዱ በኋላ የጦር ሚኒስትር የሆነው ኤድዊን ስታንተን ነበር። ጠበቆቹ ደንበኛቸው በጊዜው አእምሮው ታውኮ እንደነበር ተከራከሩ። ይህ የጊዜያዊ የአእምሮ መታወክ መከላከያ በአሜሪካ ፍርድ ቤት ሲሳካ የመጀመሪያው እንደሆነ ይነገራል። ሲክልስ ነፃ ወጣ። የሚገርመው ሕዝቡ በግድያው ይልቅ፣ ከፍርዱ በኋላ ከሚስቱ ጋር በመታረቁ ተቆጣ። የፖለቲካ ሕይወቱ ያበቃ መሰለ።

ጦርነቱ ሲጀመር ግን አዲስ በር ተከፈተለት። በ1861 በኒው ዮርክ ኤክሴልሲየር የተባለውን ብርጌድ አደራጀ። የጦር ትምህርት ሳይኖረው በሁለት ዓመት ውስጥ ሜጀር ጄኔራልና የሦስተኛው ኮር አዛዥ ለመሆን በቃ።

ጁላይ 2 ቀን 1863

የጌቲስበርግን ነገር ለመረዳት ከሁለት ወር በፊት ወደተደረገው የቻንስለርስቪል ውጊያ መመለስ ያስፈልጋል። እዚያ ሲክልስ ሄዝል ግሮቭ የተባለ ከፍ ያለ ቦታ ይዞ ነበር። የጦሩ አዛዥ ጄኔራል ሁከር ቦታውን ልቀቅ ብሎ አዘዘው፤ ሲለቅ ደቡቦቹ መድፎቻቸውን እዚያው ላይ ጠምደው የሰሜኑን ጦር ደበደቡት። ሲክልስ ይህን አልረሳም።

በጌቲስበርግ የሰሜኑ ጦር አዛዥ ጄኔራል ጆርጅ ሜድ ነበር፤ ሥልጣኑን ከያዘ ገና ቀናት መቆጠራቸው ነው። ሜድ ሦስተኛውን ኮር በሴሜተሪ ሸንተረር ደቡባዊ ጫፍ፣ ሊትል ራውንድ ቶፕ ወደሚባለው ኮረብታ በሚያደርሰው መስመር ላይ መደበው። ሲክልስ ቦታው ዝቅ ያለ ሆነበት። ከፊቱ፣ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ፣ በኤሚትስበርግ መንገድ ዳር ከፍ ያለ የኮክ ዛፎች ማሳ ይታየዋል። ጠላት መድፍ ቢጠምድበትስ? ከቀትር በኋላ አሥር ሺህ ያህል ሰዎቹን ይዞ ወደዚያ ወጣ። መስመሩ ከሁለቱም ጎን ከወዳጅ ጦር ተለየ፤ ሊትል ራውንድ ቶፕም ባዶውን ቀረ።

ሜድ ደርሶ ሲያይ ደነገጠ፤ ነገር ግን ለመመለስ ጊዜ አልነበረም። የደቡቡ ጄኔራል ጀምስ ሎንግስትሪት ጥቃቱን ከፈተ። ሦስተኛው ኮር ከአራት ሺህ በላይ ሰው ሞቶበት፣ ቆስሎበትና ተማርኮበት ተሰበረ። ኮረብታውን ያዳኑት በመጨረሻ ሰዓት በሩጫ የደረሱ የሌሎች ኮሮች ወታደሮች ናቸው። ሲክልስ በትሮስል ቤተሰብ እርሻ አጠገብ በፈረስ ላይ እንዳለ የመድፍ አረር ቀኝ እግሩን ሰባበረው። በቃሬዛ ሲወሰድ፣ ወታደሮቹ ሞቷል ብለው እንዳይደናገጡ ሲጋር እያጨሰ መታየቱ ይተረካል። በዚያው ቀን እግሩ ከጉልበቱ በላይ ተቆረጠ።

እግሩ

የጦሩ የሕክምና ክፍል በዚያን ጊዜ በዋሽንግተን አዲስ ቤተ መዘክር አቋቁሞ፣ ቁስል የሚጠናበት የአካል ክፍል እንዲላክለት ሐኪሞችን ይጠይቅ ነበር። ሲክልስ የእግሩን አጥንት በትንሽ ሣጥን አድርጎ ከሰላምታ ካርድ ጋር ላከ። ከዚያ በኋላ የቆሰለበት ቀን ሲመጣ ወደ ቤተ መዘክሩ እየሄደ እግሩን ይጎበኝ እንደነበር ይነገራል፤ አንዳንዴም እንግዳ ይዞ ይሄድ ነበር። ብዙ ዘማች የወደቀበትን ሜዳ ወይም የጓዱን መቃብር ይጎበኛል። የራሱን አጥንት ሊጎበኝ የሄደ ግን ከሲክልስ ሌላ ማን እንደነበር እንጃ።

ከሜድ ጋር የነበረው ክርክር

ሲክልስ ቁስሉ ሳይደርቅ ዋሽንግተን ገባ። ፕሬዚዳንት ሊንከን በአልጋው አጠገብ ጎበኘው፤ ቆስለኛውም የውጊያውን ታሪክ በራሱ በኩል ነገረው። ጥቂት ወራት ቆይቶ ወደ ኮሩ ልመለስ ቢል ሜድ አልተቀበለውም። በ1864 ሲክልስ ለኮንግረስ የጦርነት መርማሪ ኮሚቴ ቀርቦ፣ ሜድ ከጌቲስበርግ ለመሸሽ አስቦ እንደነበር መሰከረ። በዚያው ሰሞን በኒው ዮርክ ጋዜጣ ላይ በብዕር ስም የወጡ ሜድን የሚወነጅሉ ጽሑፎችም የእሱ እጅ እንዳለባቸው በሰፊው ይታመናል።

መከራከሪያው ባጭሩ እንዲህ ነው፦ ወደ ፊት በመውጣቴ የሎንግስትሪትን ጥቃት ከዋናው መስመር ርቄ ሰበርኩት፤ ስለዚህ ድሉ የኔ ነው። የሜድ ወገኖች ደግሞ ትእዛዝ ጥሶ ኮሩን አስፈጀ፣ ጦሩንም ለጥፋት አጋለጠ ይላሉ። ሜድ ራሱ ብዙም አልመለሰም፤ በ1872 ሞተ። ሲክልስ ከሱ በኋላ ከአርባ ዓመት በላይ ኖረ። በእንዲህ ያለ ክርክር ረጅም ዕድሜ ትልቅ ጉልበት ነው።

ከጦርነቱ በኋላ በካሮላይና ግዛቶች ወታደራዊ አስተዳዳሪ ሆነ፤ ከ1869 እስከ 1874 ደግሞ በስፔን የአሜሪካ ሚኒስትር ነበር።

ወደ ሜዳው መመለስ

ከ1886 ጀምሮ ሲክልስ የኒው ዮርክ ግዛት የሐውልቶች ኮሚሽን ሊቀ መንበር ሆነ። ሥራው የግዛቷ ሬጅመንቶች በተዋጉበት ቦታ ሐውልት ማቆም ነበር፤ በዚህ ምክንያት ጌቲስበርግ ሁለተኛ ቤቱ ሆነ። የቀድሞ ዘማቾች በዚያ ዘመን በየዓመቱ በጁላይ ወር፣ አንዳንዶቹም ሚስትና ልጆቻቸውን ይዘው፣ በባቡር እየመጡ ቦታቸውን ይፈልጉ ነበር። ሬጅመንታችን የቆመው ከዚህ ዛፍ ወዲህ ነው፣ የለም ከዚያ አጥር ወዲያ ነው እያሉ ይከራከሩ ነበር። ሐውልት የሚተከልበት ቦታ ታሪክን ስለሚወስን ክርክሩ ቀልድ አልነበረም።

በ1888 ሃያ አምስተኛው ዓመት ሲከበር ሲክልስ ከአንድ ያልተጠበቀ ሰው ጋር ተገናኘ፤ እግሩን ያሳጣውን ጥቃት የመራው ሎንግስትሪት ነበር። ሁለቱ ወዳጆች ሆኑ። ወዳጅነቱ ከልብ ቢሆንም ጥቅምም ነበረው። ደቡቦቹ ለጌቲስበርግ ሽንፈት ሎንግስትሪትን ይወቅሱ ነበር፤ ሎንግስትሪት ደግሞ የሲክልስ ወደ ፊት መውጣት የሰሜኑን ጦር እንዳዳነ መሰከረለት። ለሲክልስ ከዚህ የተሻለ ምስክር ከየት ይገኛል? በ1904 የሎንግስትሪት ባለቤት ሄለን ስለ ባሏ ባሳተመችው መጽሐፍ መግቢያውን የጻፈው ሲክልስ ነው። በ1892 አትላንታ ውስጥ ከአንድ ግብዣ ሲወጡ፣ ሞቅ ብሏቸው፣ አንዱ ሌላውን ልሸኝህ እያለ ሌሊቱን ሲመላለሱ እንደቆዩ እዚያ ላይ ተርኳል።

ፓርኩ

ሲክልስ ከሠላሳ ዓመት በኋላ እንደገና ለኮንግረስ ተመረጠ (1893–1895)። የዚህ ዘመን ዋና ሥራው የጌቲስበርግ ብሔራዊ የጦር ሜዳ ፓርክን የሚያቋቁመው ሕግ ነው። ሕጉ በፌብሩዋሪ 1895 ጸደቀ። በዚያን ጊዜ በሜዳው ላይ የኤሌክትሪክ ባቡር ሐዲድ ተዘርግቶ፣ ድንጋዩ እየተፈነዳ፣ ነጋዴ መሬቱን እየተሻማበት ነበር። የፓርኩን ወሰን የሚያሳየው ካርታ እስከ ዛሬ በሲክልስ ስም ይጠራል። የኮክ ማሳውም በዚያ ወሰን ውስጥ ይገኛል።

አንድ ነገር እዚህ ላይ መጥቀስ ይገባል። ኪ በተገደለበት ጊዜ ላፋዬት አደባባይን ከቦ የነበረው የብረት አጥር በኋላ ወደ ጌቲስበርግ ተወስዷል። ዛሬ የወታደሮቹን ብሔራዊ መካነ መቃብር ከከተማው መካነ መቃብር ይለያል።

በ1897 ሲክልስ ለጁላይ 2 ቀን ውጊያው የክብር ሜዳሊያ ተሸለመ፤ ይህም ከ34 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

የጎደለው ገንዘብ

በ1912 የሐውልቶች ኮሚሽኑ ሒሳብ ሲመረመር 28 ሺህ ዶላር ገደማ ጎደለ። ሲክልስ ያኔ ከዘጠና ዓመት በላይ ሆኖት ነበር። ከሊቀ መንበርነቱ ተነሣ፤ በ1913 መጀመሪያ ላይ የእስር ትእዛዝ ወጣበት። ሄለን ሎንግስትሪት ይህን ስትሰማ ከደሃዎቹ የደቡብ ዘማቾች ገንዘብ አዋጥቼ እከፍላለሁ ብላ ለኒው ዮርክ ባለሥልጣናት ቴሌግራም ላከች። ሲክልስ በመጨረሻ አልታሰረም።

ገንዘቡ የሙታን ጓዶቹ መታሰቢያ ገንዘብ በመሆኑ ነገሩ ይከብዳል። የኤክሴልሲየር ብርጌድ ሐውልት በጌቲስበርግ አምስት ምሰሶ ያለው ክብ ጣሪያ ነው፤ መሐሉ ላይ የሲክልስ የደረት ምስል ሊቀመጥ ታስቦ እንደነበር፣ ሳይቀመጥም እንደቀረ ይነገራል። ቦታው አሁንም ባዶ ነው።

ሃምሳኛው ዓመት

ከጁን 29 እስከ ጁላይ 4 ቀን 1913 ከ53 ሺህ በላይ የቀድሞ ዘማቾች፣ ሰሜኖችም ደቡቦችም፣ በጌቲስበርግ ተሰበሰቡ። አብዛኞቹ ከሰባ ዓመት በላይ የሆናቸው ሽማግሌዎች ናቸው። የባቡር ክፍያቸውን ብዙ ግዛቶች ቻሉላቸው፤ ጦሩም በድንኳን አሰፈራቸው። ድንኳኑ ለዘማቾች ብቻ ስለነበር አብረው የመጡ ቤተሰቦች በከተማው ማደሪያ መፈለግ ነበረባቸው። ሙቀቱ ከ38 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ወጣ።

በጌቲስበርግ ከተዋጉት የሁለቱም ወገን የኮር አዛዦች በሕይወት የቀረው ሲክልስ ብቻ ነበር። በ93 ዓመቱ፣ የእስር ትእዛዙ ወሬ ገና ሳይበርድ፣ መጣ። ማረፊያው በኤሚትስበርግ መንገድ ዳር፣ የራሱ ኮር በተዋጋበት መስመር ላይ ነበር። የሁለቱም ወገን ሽማግሌዎች እየመጡ ይጨብጡት ነበር። ሄለን ሎንግስትሪትም ለጋዜጣ ለመዘገብ መጥታ አጠገቡ ነበረች። በጁላይ 3 ቀን ከፒኬት ክፍለ ጦር የተረፉት ደቡቦች ያን ሜዳ እንደገና፣ አሁን በምርኩዝ፣ ተሻገሩ፤ ሰሜኖቹም በድንጋዩ ካብ ላይ እጃቸውን ዘርግተው ተቀበሏቸው። በማግስቱ ፕሬዚዳንት ዊልሰን ንግግር ሲያደርግ ጠቡ ስለመረሳቱ ተናገረ፤ የጠቡን ምክንያት ባርነትን ግን አላነሣም። በዚያው ዓመት የሱ መንግሥት ጥቁርና ነጭ ሠራተኞችን በመሥሪያ ቤቶች ውስጥ መለየት ጀምሮ ነበር።

ሞቱና ከሱ በኋላ

ሲክልስ በሜይ 3 ቀን 1914 በኒው ዮርክ ሞተ፤ በአርሊንግተን ብሔራዊ መካነ መቃብር ተቀበረ። በጌቲስበርግ የሜድ፣ የሃንኮክ፣ የሃዋርድና የሌሎችም ጄኔራሎች ሐውልት ሲኖር የሲክልስ ግን የለም። ለምን እንደሌለ ሲጠየቅ፣ ሜዳው በሙሉ ሐውልቴ ነው ብሎ መለሰ የሚል ወሬ አለ። የቆሰለበትን ቦታ የሚያመለክት ትንሽ የድንጋይ ምልክት በትሮስል እርሻ አጠገብ ቆሟል፤ የእርሻው ጎተራ ግድግዳ ላይ መድፍ የበሳው ቀዳዳ እስከ ዛሬ ይታያል። ጎብኚዎች ከኮክ ማሳው ቆመው ወደ ሊትል ራውንድ ቶፕ ያለውን ርቀት በዓይናቸው እየለኩ ያንኑ የሲክልስንና የሜድን ክርክር ይቀጥላሉ።

የቀኝ እግሩ አጥንት፣ መታው ከሚባለው አረር ዓይነት ጋር፣ በሜሪላንድ በሚገኘው ብሔራዊ የጤናና የሕክምና ቤተ መዘክር ውስጥ ተቀምጧል።