ሰይፍ ያልመዘዙት ጴጥሮስ
(የሰማዕቱ አቡነ ጴጥሮስ ሕይወት)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ሐምሌ 19 ቀን በታንኳ ተሻግራችሁ ወንጪ ቂርቆስ የተሳለማችሁ ሁሉ የሕፃኑን ገድል ሰምታችኋል። የሦስት ዓመት ሕፃን በእጁ አንዳች መሣሪያ ሳይዝ፣ ከእናቱ ከቅድስት ኢየሉጣ ጋር ጨካኙን መኮንን በእምነቱ አሳፈረው። በሦስተኛው ቀን፣ ሐምሌ 22፣ ደግሞ ለዘመናችን የቀረቡት ሰማዕት የአቡነ ጴጥሮስ መታሰቢያ ነው። እስቲ ዛሬ የእሳቸውን ሕይወት አብረን እንይ። ወጣቶቻችን ደጋግመው የሚጠይቁት ነገር አለና። ክርስቲያን ጠላቱን እንዲወድ ከታዘዘ ግፍ ሲያይ ዝም ብሎ ይቀመጥ ወይ? ወይስ እሱም እንደ ግፈኛው ያድርግ?

አባታችን የተወለዱት ሰላሌ ፍቼ ነው፤ የቀድሞ ስማቸው ኃይለ ማርያም ይባላል። በደብረ ሊባኖስ መንኩሰው በየገዳማቱ አስተማሩ። እንደ ወንጪ ቂርቆስ በሐይቅ መካከል ባለው በዝዋይ ገዳምም ወንበር ዘርግተው ነበር። በ1921 ዓ.ም. ግብፅ ወርደው ከተሾሙት ከመጀመሪያዎቹ አራት ኢትዮጵያውያን ጳጳሳት አንዱ ሆኑ።

በ1928 ዓ.ም. የፋሺስት ጦር የመርዝ ጋዝ እየረጨ መጥቶ ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ገባ። አቡነ ጴጥሮስም ደብረ ሊባኖስ ሆነው አርበኞችን ያጽናኑ ጀመር። እዚህ ላይ ልብ በሉ! አገሩንና ቤቱን የሚከላከለውን ሰው አትዋጋ አላሉትም፤ ባረኩት እንጂ። በእኛው በወንጪና በወሊሶ ጋራ ሸንተረር ገረሱ ዱኪ (አባ ቦራ) የተዋጉትም ይህንኑ ወራሪ ነበር። የአባታችን እጅ ግን የያዘው መስቀል ነው።

ሐምሌ 21 ቀን አርበኞች አዲስ አበባን ለማስለቀቅ ገቡ፤ በክረምቱ መካከል የተደረገው ውጊያ ግን አልሰመረም። አቡነ ጴጥሮስ በጠላት እጅ ወደቁ። የቀረበላቸው ነገር ቀላል ይመስል ነበር። አርበኞችን ሽፍታ ብለው እንዲያወግዙ፣ ሕዝቡም ለጣልያን እንዲገዛ እንዲሰብኩ ተጠየቁ። እንዲህ ቢያደርጉ በሕይወት ይኖራሉ፤ ወንበራቸውም አይነካም። እሳቸው ግን ሽፍታው የሰው አገር የወረረው ነው ብለው መሰከሩ፤ ሕዝቡ ለወራሪ እንዳይገዛም ገዘቱ። ስለዚህ በማግስቱ በሕዝብ ፊት በጥይት ተገደሉ።

ሐዋርያው ጴጥሮስ በጌቴሴማኒ ሰይፉን ቢመዝ ጌታ ወደ ሰገባው እንዲመልሰው አዞታል። ሎሌው ማልኮስ ጆሮው ተቆርጦ ነበርና ጌታችን ፈወሰው። የእኛው ጴጥሮስ ደግሞ ሰይፍ ሳይመዙ፣ እውነትንም ሳይክዱ አለፉ። ሰላም ወዳድነት ማለት ውሸት ተናግሮ ነፍስን ማትረፍ እንዳልሆነ በደማቸው አስተማሩን።

ከዚያ በኋላ የሆነውንም ታውቃላችሁ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ቢወረወር ፋሺስቶች ሦስት ቀን ሙሉ የአዲስ አበባን ሕዝብ ፈጁ። ሴት አልቀረ፣ ሽማግሌ አልቀረ! በግንቦት ወር የደብረ ሊባኖስን መነኮሳትና ዲያቆናት ረሸኑ። ጣልያኖች ራሳቸው ከ400 በላይ መግደላቸውን ሲጽፉ፣ በኋላ የተመራመሩት ግን ቁጥሩን ከ1,400 በላይ ያደርሱታል። ሽብር ማለት እንግዲህ ይህ ነው፤ ያልበደለውን ገድሎ የቀረውን በፍርሃት መግዛት። ገዳዩ መንግሥት ቢሆን፣ ጫካ የገባ ቢሆን፣ ነጻ አወጣለሁ ባይ ቢሆን ስሙ አይለወጥም። መሣሪያ ይዞ የመጣን ወራሪ መመከት አንድ ነገር ነው፤ መሣሪያ በሌለው ላይ እጅ ማንሣት ግን ሌላ ነው።

ታዲያ እኛስ? በእነዚህ ዓመታት ሰው በመንገዱ ሲታገት፣ ገበሬ ከማሳው ተወስዶ ሲገደል ሰምተናል። ያን ጊዜ ሟቹ ከማን ወገን ነው ብለን ከጠየቅን፣ ከወገናችን ካልሆነም ልባችን ካላዘነ ጾማችን ምን ይረባናል? ጎረቤታችሁን በሐሰት እንድትጠቁሙ ብትጠየቁ አባ ጴጥሮስን አስቡ። ለበቀል ውጡ ብትባሉም እንደዚሁ አስቧቸው። ለተገደለው አልቅሱ፤ ለገዳዩም ንስሐ እንዲገባ ጸልዩ፤ እውነቱን ግን አትደብቁ።

የሰማዕቱ በረከት፣ የእመቤታችን አማላጅነት ከሁላችን ጋር ይሁን። አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።