ሊዘ ማይትነር

ሊዘ ማይትነር (ጥቅምት 29 ቀን 1871 – ጥቅምት 17 ቀን 1961 ዓ.ም.፤ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 7 ቀን 1878 – ኦክቶበር 27 ቀን 1968) በኦስትሪያ የተወለደች የፊዚክስ ሊቅ ነበረች። ከሁሉ በላይ የምትታወቀው ከእህቷ ልጅ ከኦቶ ፍሪሽ ጋር ሆና የዩራኒየም አቶም ኒውክለስ ለሁለት ሊሰነጠቅ እንደሚችል በማስረዳትና በዚህ ጊዜ የሚለቀቀውን ኃይል በማስላት ነው። ኑክሌር ፊዥን የሚባለው ይህ ክስተት ለኑክሌር ኃይል ማመንጫም ለአቶም ቦምብም መሠረት ሆኗል። ለግኝቱ የተሰጠው የኖቤል ሽልማት ግን ለረጅም ጊዜ የሥራ ባልደረባዋ ለኬሚስቱ ኦቶ ሃን ብቻ ተሰጥቷል።

ልጅነትና ትምህርት

ማይትነር የተወለደችው በቪየና ከተማ ከአይሁድ ቤተሰብ ነው። አባቷ ፊሊፕ ማይትነር ጠበቃ ሲሆን፣ እርሷ ከስምንት ልጆቹ ሦስተኛዋ ነበረች። በዘመኑ በኦስትሪያ የሴቶች የመንግሥት ትምህርት በ14 ዓመት ዕድሜ ያበቃ ነበር፤ ዩኒቨርሲቲዎቹ ለሴቶች በር መክፈት የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1897 ነው። ስለዚህ ማይትነር በመጀመሪያ ለፈረንሳይኛ መምህርነት ሠለጠነች። ከዚያም ወንዶች በብዙ ዓመታት የሚማሩትን በግል አስጠኚ በአጭር ጊዜ አጠናቅቃ እ.ኤ.አ. በ1901 ፈተናውን በማለፍ ቪየና ዩኒቨርሲቲ ገባች። እዚያም ታዋቂው የፊዚክስ ሊቅ ሉድቪግ ቦልትዝማን አስተምሯታል። እ.ኤ.አ. በ1906 ዶክትሬቷን ስትቀበል፣ ከዩኒቨርሲቲው በፊዚክስ ዶክትሬት ያገኘች ሁለተኛዋ ሴት ሆነች።

በበርሊን

እ.ኤ.አ. በ1907 የማክስ ፕላንክን ትምህርት ለመከታተል ወደ በርሊን ሄደች። በዚያም ከኦቶ ሃን ጋር ተዋወቀች። ሃን ራዲዮአክቲቭ ንጥረ ነገሮችን በኬሚካዊ ዘዴ መለየት የሚችል ኬሚስት ሲሆን፣ ማይትነር ደግሞ የሚያወጡትን ጨረር መለካትና ማስረዳት የምትችል ፊዚክስ አዋቂ ነበረች። የሁለቱ ሙያ የሚደጋገፍ በመሆኑ ትብብራቸው ከ30 ዓመት በላይ ቆይቷል።

ይሁን እንጂ ሃን የሚሠራበት የኬሚስትሪ ተቋም ሴቶችን አያስገባም ነበር። ለማይትነር የተፈቀደላት ከሕንፃው ሥር በነበረ የቀድሞ የእንጨት ሥራ ክፍል ብቻ፣ ያውም በሌላ በር እየገባች፣ ያለ ደመወዝ እንድትሠራ ነበር። እገዳው የተነሣው ፕሩሲያ ሴቶችን ወደ ዩኒቨርሲቲ ማስገባት ከጀመረች በኋላ ነው። የመጀመሪያ ደመወዟን ያገኘችው እ.ኤ.አ. በ1912 የፕላንክ ረዳት ሆና ስትቀጠር ነው።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በኦስትሪያ ጦር ሆስፒታሎች የራጅ ባለሙያ ሆና አገልግላለች። ከጦርነቱ መልስ በበርሊን የካይዘር ቪልሄልም የኬሚስትሪ ተቋም የፊዚክስ ክፍል ኃላፊ ሆነች፤ እ.ኤ.አ. በ1918ም ከሃን ጋር ፕሮታክቲኒየም የተባለውን 91ኛውን ንጥረ ነገር ማግኘታቸውን አሳወቁ። እ.ኤ.አ. በ1926 በጀርመን የፊዚክስ ፕሮፌሰር ለመሆን የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች።

የዩራኒየም ጥያቄ

የማይትነርን ግኝት ለመረዳት በኬሚካዊ ለውጥና በኒውክለስ ለውጥ መካከል ያለውን ልዩነት ማወቅ ይጠቅማል። ከሰል ሲነድ ካርቦን ከኦክስጅን ጋር ተዋህዶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል። በዚህ ለውጥ ቦታቸውን የሚቀይሩት ከኒውክለሱ ውጭ ያሉት ኤሌክትሮኖች ብቻ ናቸው። ኒውክለሱ አይነካም፤ ካርቦኑም ካርቦንነቱን አያጣም። ምክንያቱም የአንድን ንጥረ ነገር ማንነት የሚወስነው በኒውክለሱ ውስጥ ያሉት ፕሮቶኖች ቁጥር ነው። በራዲዮአክቲቭ ንጥረ ነገር ግን የሚለወጠው ኒውክለሱ ራሱ ነው። ለምሳሌ 92 ፕሮቶን ያለው ዩራኒየም የአልፋ ቅንጣት ሲያወጣ ሁለት ፕሮቶን ያጣና ባለ 90 ፕሮቶኑ ቶሪየም ይሆናል። እስከ 1938 እ.ኤ.አ. ድረስ የታወቁት የራዲዮአክቲቭ ለውጦች በሙሉ እንዲህ በአንድና በሁለት ፕሮቶን ልዩነት የሚቆሙ ነበሩ።

እ.ኤ.አ. በ1934 ኤንሪኮ ፌርሚ በሮም ዩራኒየምን በኒውትሮን መትቶ አዳዲስ ራዲዮአክቲቭ ነገሮች አገኘ፤ ከዩራኒየም የሚከብዱ ንጥረ ነገሮች እንደፈጠረም ገመተ። የጀርመኗ ኬሚስት ኢዳ ኖዳክ ኒውክለሱ ተሰባብሮ ሊሆን እንደሚችል በዚያው ዓመት ብትጽፍም ሰሚ አላገኘችም። ማይትነር ጉዳዩን እንዲመረምሩ ሃንን አሳመነችው፤ ቆይቶም ወጣቱ ኬሚስት ፍሪትዝ ሽትራስማን ተቀላቀላቸው።

ስደት

ናዚዎች እ.ኤ.አ. በ1933 ሥልጣን ሲይዙ፣ ማይትነር ፕሮቴስታንት ክርስቲያን ሆና የተጠመቀች ብትሆንም በአይሁድ ትውልዷ ምክንያት የማስተማር ፈቃዷን ተነጠቀች። ምርምሯን ግን በኦስትሪያዊ ዜግነቷ ተጠልላ ቀጠለች። እ.ኤ.አ. በማርች 1938 ጀርመን ኦስትሪያን ስትጠቀልል ይህም ከለላ ቀረ። ፓስፖርቷ ዋጋ አጣ፤ ከአገር እንዳትወጣም ትከለከላለች የሚል ስጋት መጣ። ሐምሌ 6 ቀን 1930 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጁላይ 13 ቀን 1938) በሆላንዳዊው የፊዚክስ ሊቅ ዲርክ ኮስተር እርዳታ በባቡር ድንበር ተሻግራ ሆላንድ ገባች። የያዘችው ሁለት ትንንሽ ሻንጣዎችና 10 ማርክ ብቻ ነበር። ሃን ከእናቱ የወረሰውን የአልማዝ ቀለበት ምናልባት ለድንበር ጠባቂዎች መስጠት ቢያስፈልጋት ብሎ ሰጥቷት ነበር፤ ሳያስፈልጋት ቀረ። በ59 ዓመቷ በስቶክሆልም፣ በቂ መሣሪያና ረዳት በማታገኝበት ተቋም ሥራዋን እንደገና ጀመረች።

የኒውክለስ መሰንጠቅ

ማይትነር ከሃን ጋር መጻጻፏን አላቋረጠችም። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1938 በኮፐንሀገን ተገናኝተው ውጤቶቹ በጥንቃቄ እንደገና እንዲፈተሹ አሳሰበችው። በታኅሣሥ ወር ሃንና ሽትራስማን ያልጠበቁት ነገር ገጠማቸው፤ ዩራኒየምን በኒውትሮን ሲመቱ ያገኙት ንጥረ ነገር በኬሚካዊ ባሕርይው ባሪየም ሆኖ ተገኘ። ባሪየም ያለው 56 ፕሮቶን ብቻ ነው። ሃን እንዲህ ያለ ነገር እንዴት ሊሆን እንደሚችል እንድታስረዳው ለማይትነር ጻፈላት።

ደብዳቤው የደረሳት በፈረንጆች ገና ሰሞን ነው። ኦቶ ፍሪሽም ከኮፐንሀገን ሊጠይቃት ኩንግኤልቭ ወደምትባል የስዊድን ከተማ መጥቶ ነበር። በበረዶ ላይ እየተጓዙ ሲወያዩ የኒልስ ቦርን ሐሳብ ተከትለው ኒውክለሱን እንደ ውሃ ጠብታ አሰቡት። ጠብታውን አንድ አድርጎ የሚይዘው ኃይል በዩራኒየም ውስጥ ብዙ ፕሮቶኖች እርስ በርስ ስለሚገፋፉ የተዳከመ ነው። አንድ ኒውትሮን ሲጨመርበት ጠብታው ይለጠጣል፣ መሐሉ ይቀጥናል፣ በመጨረሻም ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ክፍል 56 ፕሮቶን ያለው ባሪየም ከሆነ ሌላው 36 ፕሮቶን ያለው ክሪፕተን ይሆናል፤ ድምሩ 92 ነው።

የሚለቀቀውንም ኃይል ማይትነር አሰላችው። የሁለቱ ክፍሎች ግዝፈት በድምር ከመጀመሪያው ያንሳል፤ የሚጎድለው የአንድ ፕሮቶን አንድ አምስተኛ ያህል ነው። ይህ በአይንስታይን ቀመር ወደ ኃይል ሲለወጥ 200 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ ይሆናል። አንድ የካርቦን አቶም ሲነድ የሚገኘው 4 ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ በመሆኑ፣ የአንድ ዩራኒየም መሰንጠቅ ከዚያ 50 ሚሊዮን እጥፍ ያህል ይበልጣል።

የሃንና የሽትራስማን ጽሑፍ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1939 የታተመው ያለ ማይትነር ስም ነው። ከሸሸች ተመራማሪ ጋር መተባበር በናዚ ጀርመን አደገኛ ነበር። የማይትነርና የፍሪሽ ማብራሪያ በፌብሩዋሪ 11 ቀን 1939 ኔቸር በተባለው መጽሔት ወጣ። ለክስተቱ ስም የሰጠው ፍሪሽ ሲሆን፣ ቃሉን የወሰደው ሕዋስ ለሁለት ሲከፈል ከሚጠራበት የሥነ ሕይወት ቃል ነው።

ቦምቡና የኖቤል ሽልማት

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ማይትነር በአሜሪካ በሚካሄደው የአቶም ቦምብ ሥራ እንድትሳተፍ ተጋብዛ እምቢ አለች። ሂሮሺማ በቦምብ ከተመታች በኋላ ጋዜጦች ስሟን ከቦምቡ ጋር ማያያዛቸው በጣም አሳዝኗታል።

የ1944ቱ የኬሚስትሪ ኖቤል እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1945 ለሃን ብቻ መሰጠቱ ተገለጸ። ሃን በኋለኞቹ ዓመታት ግኝቱን የኬሚስትሪ ብቻ ውጤት አድርጎ ያቀርብ ነበር። በርግጥም ባሪየሙን ያገኙት ኬሚስቶቹ ናቸው፤ ሆኖም ምርምሩን ያስጀመረችው፣ እስከ ስደቷ ድረስም የቡድኑን የፊዚክስ ሥራ የመራችው፣ ውጤቱንም ያስረዳችው ማይትነር ነበረች። በሕይወት ዘመኗ ከ40 ጊዜ በላይ ለኖቤል ብትታጭም አልተሰጣትም። ሃንን ጨምሮ በጀርመን የቀሩት ሳይንቲስቶች በናዚ ግፍ ላይ ዝም በማለታቸው ወቅሳቸዋለች፤ እርሷም እስከ 1938 በዚያ መቆየቷ ስሕተት እንደነበር አምናለች። ከሃን ጋር የነበራት ወዳጅነት ግን እስከ መጨረሻው ዘልቋል።

የመጨረሻ ዘመንና መታሰቢያ

ማይትነር እ.ኤ.አ. በ1949 የስዊድን ዜግነት አገኘች፤ በ1960 ወደ ካምብሪጅ፣ እንግሊዝ ተዛወረች። እ.ኤ.አ. በ1966 ከሃንና ከሽትራስማን ጋር የአሜሪካ መንግሥት የሚሰጠውን የኤንሪኮ ፌርሚ ሽልማት ተቀበለች። 90 ዓመት ሊሞላት ጥቂት ቀናት ሲቀሯት ካምብሪጅ ውስጥ አረፈች፤ የተቀበረችውም በብራምሌይ መንደር ከታናሽ ወንድሟ ከቫልተር አጠገብ ነው።

እርሷና ፍሪሽ ያስረዱት የኒውክለስ መሰንጠቅ ዛሬ በብዙ አገሮች ኤሌክትሪክ ያመነጫል። ለካንሰር ሕክምና የሚያገለግለው ኮባልት-60 የሚመረተውም በኑክሌር ማብለያዎች ውስጥ ነው፤ በኢትዮጵያም ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለዓመታት ተጠቅሞበታል። እ.ኤ.አ. በ1982 በጀርመን የተፈጠረው 109ኛው ንጥረ ነገር በ1997 ለክብሯ ማይትነሪየም የሚል ስም ጸድቆለታል።