የሮዛ ሉክሰምበርግ የዶክትሬት ጥናትና የፖላንድ ነጻነት ጥያቄ

ሮዛ ሉክሰምበርግ ይበልጥ የምትታወቀው በአብዮተኛነቷ ነው። በፖላንድ ጉዳይ የያዘችውን አቋም በማስረጃ የደገፈችው ግን በዶክትሬት ጥናቷ ነበር።

በ1871 (ዘመናቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በሩሲያ ዛር አገዛዝ ሥር በነበረችው የፖላንድ ከተማ በዛሞሽች ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለደች። በዋርሶ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቷን ከፈጸመች በኋላ በ1889 ወደ ስዊዘርላንድ ተሰደደች። የዙሪክ ዩኒቨርሲቲ በዘመኑ ሴቶችን ከሚቀበሉ ጥቂት የአውሮፓ ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ ነበር። በዚያም በመጀመሪያ የተፈጥሮ ሳይንስ፣ ቀጥሎ ሕግና የፖለቲካ ኢኮኖሚ አጠናች። መምህሯ ዩልየስ ቮልፍ የማርክስን አስተምህሮ የሚነቅፍ፣ እርሷ ደግሞ የምትከተል ነበሩ፤ ይሁንና በ1897 የዶክትሬት ማዕረግ ተቀበለች።

ስለ ፖላንድ የኢንዱስትሪ ዕድገት ያዘጋጀችው ይህ ጥናት በ1898 በላይፕሲግ ታተመ። ዋነኛ ጥያቄው የፖላንድ ፋብሪካዎች ምርት የት ይሸጣል የሚል ነበር። በ1851 በፖላንድና በሩሲያ መካከል የነበረው የጉምሩክ ድንበር ተነሣ፤ የባቡር ሐዲድ ተዘረጋ፤ ከ1877 ጀምሮም ሩሲያ ቀረጥ በወርቅ እንዲከፈል በማዘዟ የውጭ ዕቃ ተወደደ። በዚህም የሎድዝ ጨርቃ ጨርቅ ሰፊ የሩሲያ ገበያ አገኘ። ሮዛም የፖላንድ ባለሀብቶች ጥቅም ከሩሲያ ጋር ስለተሳሰረ የነጻነት ጥያቄው ኢኮኖሚያዊ መሠረት እንደሌለው ደመደመች። ይህን አቋም ከጥናቱ አስቀድማ ይዛው ስለነበር፣ ጥናቱ አቋሟን ይበልጥ አጸናው እንጂ አልፈተነውም።

ከ1907 እስከ 1914 በበርሊን የሶሻል ዴሞክራቶች የፓርቲ ትምህርት ቤት የፖለቲካ ኢኮኖሚ አስተማረች። በ1913 በታተመው የካፒታል ክምችት በተሰኘው መጽሐፏም የገበያውን ጥያቄ ከፖላንድ አውጥታ ለዓለም ካፒታሊዝም አነሣችው።

በኅዳር 1918 ፖላንድ ነጻ ወጣች። ሮዛ ከሁለት ወር በኋላ፣ ጥር 15 ቀን 1919፣ በበርሊን ተገደለች። አዲሲቱ ፖላንድ የሩሲያን ገበያ በማጣቷ የሎድዝ ፋብሪካዎች ክፉኛ ተጎዱ። ስለዚህ ጥናቱ የገለጸው የገበያ ጥገኝነት እውነት ነበር። የተሳሳተው፣ ጥቅም ያስተሳሰረውን ጦርነትና የሕዝብ ፈቃድ ሊፈቱት አይችሉም የሚለው ግምት ነው።