ጄምስ ብሩስና የኮሶ ስሞች

ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1730 በስኮትላንድ፣ ኪኔርድ በተባለ ሥፍራ ተወለደ። በአልጀርስ የእንግሊዝ ቆንስል ሆኖ ካገለገለ በኋላ የዓባይን ምንጭ ሊሻ ተነሥቶ በ1769 ምጽዋ፣ በ1770 መባቻ ጎንደር ገባ። በዚያን ጊዜ በመኳንንቱ ቤት ፈንጣጣ ገብቶ ነበርና፣ ባለችው የሕክምና ዕውቀት ልጆቹን በማስታመሙ በእቴጌ ምንትዋብ ዘንድ ሞገስ አገኘ። በዚያው ዓመት ግሽ ዓባይን አየ።

እኛን ግን ይበልጥ የሚመለከተን ስለ ኮሶ የጻፈው ነው። ከብልባላና ከላስታ ደጋ ሰው ጀምሮ አገሩ ሁሉ ለኮሶ ትል ይጠጣው የነበረውን ይህን ዛፍ፣ በ1790 ባሳተመው ባለ አምስት ቅጽ መጽሐፉ፣ ለጆዜፍ ባንክስ መታሰቢያ ባንክሲያ አለው። ይኸው ስም ቀደም ሲል ለአውስትራሊያ ተክል ተሰጥቶ ስለ ነበር፣ ግሜሊን በ1791 ሃጌንያ ብሎ ለወጠው። በ1820ዎቹ ደግሞ ኩንት የተባለው ሊቅ፣ ሐኪሙ ብራዬ በቁስጥንጥንያ ያገኘውን የኮሶ አበባ መርምሮ ብራዬራ አለው። ከዚህም የተነሣ አንዱ መድኃኒት በአሜሪካ የመድኃኒት መጽሐፍ ብራዬራ፣ በእንግሊዙ ኩሶ ተብሎ ተመዘገበ፤ በኦሮምኛ ስሙ ሄጦ ነው።

ዛሬ የመድኃኒት መለያዎችን የሚያዛምድ ኦንቶሎጂ ስንሠራ የሚገጥመን ችግር ይኸው ነው። ኮሶ ከመጠን ሲያልፍ ዓይን ይጎዳል፤ ማስጠንቀቂያው በአንዱ ስም ሥር ብቻ ከተጻፈ፣ በሌላው ስም የሚፈልግ ባለሙያ አያገኘውም። ስለዚህ አሮጌውን ስም መሰረዝ ሳይሆን፣ ሁሉንም ከአንድ ፅንሰ ሐሳብ ጋር ማሰር ይገባል። ይሁን እንጂ ዛፉ፣ አበባው፣ ከአበባው የሚወጣው ንጥረ ነገርና የሚጠጣው መድኃኒት አራት የተለያዩ ነገሮች ናቸውና፣ እንደ አንድ ቆጥሮ ማቀላቀል ከመለያየት የከፋ ስሕተት ነው። የዕፅዋት ሊቃውንት ሃጌንያ አቢሲኒካ ብለው ሲጽፉ፣ ከግሜሊን ስም በፊት ብሩስን በቅንፍ ያኖራሉ፤ ስሙ ቢለወጥም ምንጩ አልጠፋም።

ብሩስ ራሱ ግን ለባልንጀራው እንዲህ አላደረገም። አብሮት የመጣው ጣሊያናዊው ሠዓሊ ሉዊጂ ባሉጋኒ በ1771 ጎንደር ሞተ፤ ብሩስም የባሉጋኒን ድካም በመጽሐፉ ሸሸገው። እርሱም በተራው አገሩ ሲመለስ፣ ያየውን ቢናገር ብዙዎች አላመኑትም። በ1794 በገዛ ቤቱ ደረጃ ላይ ወድቆ ሞተ። የባሉጋኒ ሥዕሎች ዛሬ በዬል ዩኒቨርሲቲ በሠሪያቸው ስም ይገኛሉ። መዝገብ ሠሪ ሁሉ፣ ነገሩን ከስሙ ጋር፣ ስሙንም ከምንጩ ጋር የማገናኘት ዕዳ አለበት።